አልጋ ሰባት

ሐምሌ ነበር ጅማ፣ ቆርቆሮው ሲጮኽ ያደረ፣
ከጅሬን የወረደው ጉም ግቢያችን ውስጥ የሰፈረ።
ሁለት ጓንት ደርቤ፣ ያንቺን መዝገብ ይዤ፣
መነጽሬን እንፋሎት ጋርዶት፣ ግድግዳ ተመርኩዤ፣
በሩን ስገፋው፣ ዓይን ብቻ ነሽ፣ ዓይንና ትልቅ ሆድ፤
እኔም ላንቺ ዓይን ብቻ፣ ፕላስቲክ የለበሰ ጉድ።

ሉባባ አባ ዲጋ። ሃያ አራት ዓመት። ከኮቺ።
ሠላሳ አንድ ሳምንት። ሁለተኛ እርግዝና።
ሳል፣ አምስት ቀን። ኮሮና ተገኝቶባታል።
ኦክስጅን፣ ሰማንያ አራት።
የፅንስ ልብ ምት፦ ይሰማል።

"ይሰማል" ብዬ ጻፍኩ፤ መዝገብ ቃል ይቆጥባል።
ሆድሽ ላይ ጆሮዬን ሳስጠጋ ያ ድምፅ የት ይጻፋል?
የበቅሎ ኮቴ ነበር፣ ሳይነጋ ወደ ሰቃ የሚገሰግስ፣
ጭነቱን ጥሎ፣ ጌታውን ትቶ፣ ገበያው ሳይቆም ለመድረስ።

ነፍሰ ጡር! ነፍስ ተሸካሚ፤ ቃሉን ያወጣው ሰው አወቀ፣
ሸክሙ ሳንባ ላይ ሲከብድስ ምን ይባላል ብሎ አልጠየቀ።
ልጁ ከታች ሽቅብ ይገፋል፣ በሽታው ከላይ ይጫናል፣
አንዲት ቁራሽ ትንፋሽ መሃል፣ ለሁለት እንዴት ይሆናል?

"በግራ ጎንሽ ተኚ" አልኩሽ። ተኛሽ።
"ሲስተር፣ እኔ ስተነፍስ እሱም ይተነፍሳል?"
"አዎ" አልኩሽ።
"እንግዲያው ልተንፍስ" አልሽ፣
ሥራ እንደሚጀምር ሰው እጅጌሽን ሰብስበሽ።

ከአጥሩ ውጭ ነዚፍ፣ ባጃጁን ጥግ አስይዞ፣
መግባት ስለተከለከለ፣ ዝናቡ ላይ ፈዞ፣
ምሽት ምሽት ጡሩምባውን ሁለቴ ይነፋል፣
አንዱ ላንቺ፣ አንዱ ለልጁ፤ ዘበኛው ሰምቶ ያልፋል።
አንቺም ስትሰሚ፣ ጣትሽ አንሶላው ላይ ሁለቴ ይመታል።

በአራተኛው ሌሊት ቁጥሩ ሰባ ስምንት ወረደ፣
ሲሊንደር የሚገፋው ጽዳት ሠራተኛ እየሮጠ ሄደ።
ዶክተሩ ሰዓቱን አየ። "ሁለቱንም እንዳናጣ፣
እናውጣው" አለ በቀስታ፣ ላቡ ከቆቡ ሥር እየመጣ።
"ማርያም ትቅረብሽ" አመለጠኝ፤ የኔ ጸሎት ነው፣ ያንቺ አይደለም፤
"አሚን" አልሽ ከጭንብሉ ሥር። ከዚያ ወዲያ ድምፅ የለም።

ሴት። አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ሃምሳ ግራም።
አለቀሰች፤ እንደ ሩቅ ድመት።
("እሱ፣ እሱ" ስትይ የከረምሽው እሷ ሆነች።)

ልጅሽ ሞቃት ሣጥን ገባች፣ አንቺ ማሽኑ ላይ ቀረሽ፣
አሥራ አንድ ቀን ሙሉ፣ መውለድሽን ሳታውቂ አደርሽ።
ጡትሽ ግን አውቆት ነበር፤ ጋውንሽን አርጥቦ አየሁ፣
ፊቴን ወደ መስኮቱ መልሼ፣ የማላየውን ጉም ሳይ ቆየሁ።
ያን ጊዜ እኔም አራት ወሬ ነበር።
ለአለቃዬ አልነገርኩም፤ የሚተካኝ ሰው አልነበረም።

"ውጤት" የሚል ዓምድ አለ፣ መዝገቡ ጫፍ፣ ጣት የማያህል፤
"ዳነች" ወይ "ሞተች" ይጻፋል፤ ከዚያ የተረፈው የት ይዋል?
የአልጋ ስምንቷን ያን ቀን ጠዋት ሞልቼ ነበር፤
የቱን ቃል እንደሆነ እጄ ያውቃል።
ላንቺ "ዳነች፣ ልጅዋም" ብዬ ነጥብ አደረግሁ፤
ብዕሩ ግን ከወረቀቱ አልነሣ አለኝ።

ኅዳር ላይ ሄርማታ፣ መንገድ ዳር አየሁሽ፤
ሕፃኗን ታቅፈሽ፣ አሥር እርምጃ ሄደሽ፣
ቆመሽ ትንፋሽ ለቅመሽ፣
እንደገና አሥር።
ሰላም አልኩሽ። ሰው የተሳሳትኩ መሰለሽ፤
ሆዴን አይተሽ መንገድ ለቀቅሽልኝ።
እኔም ሻሼን ሳብ አድርጌ
አፍና አፍንጫዬን ሸፈንኩ።

ቆምሽ።
ዓይኔን ትክ ብለሽ አየሽ።
ከዚያ ጣትሽ፣ የልጅሽ ጀርባ ላይ፣
ሁለቴ መታ።