ዐሥራ ሁለተኛው ሰው

የወዳጅነት ነው አሉት ጨዋታውን፤
ያባቴን ጉልበት ያየ ይናገር እውነቱን።

ሐሚልተን ነሐሴ፣ አየሩ ምድጃ፣
የብረት ፋብሪካው ጢስ ሐይቁ ላይ ተነጥፎ እንደ አሮጌ ስጋጃ፤
ኦረስት ናትዩክ፣ ክሬን ነጂው አባቴ፣
ፈረቃውን ጨርሶ ጫማውን በማሰሪያው አንገቱ ላይ ሰቅሎ
ሲወጣ ተከተልነው፣ እኔና እናቴ።

እንግዶቹ መጡ በሁለት አውቶቡስ፣
ድልድዩን ተሻግረው፣ ከወንዙ ባሻገር፤
አንገታቸው ግንድ፣ ማልያቸው አዲስ፣
ደመወዛቸውማ ለጉድ ነው ሲነገር።
ሜዳውን በርምጃ ለክተው ተሣሣቁ፦ «ይህን ኮት ማን ሰፋው?
ዐሥር ያርድ ተርፎታል!» ኖራ ቀቢው ፈርገስ
ባልዲውን አንሥቶ ምራቁን ወደ ጎን ተፋው።

ውሉ እንዲህ ነበረ፦ እስከ እረፍቱ በእኛ፣
ከእረፍት መልስ በነሱ ሕግ ሊያጫውት ዳኛ።
ሙከራው በነሱ አራት ነው፣ ሦስት ነው በእኛ ቤት፤
ሦስቴ ተገፍተህ ካልሞላህ አስረክብ ነው፣ የለም አቤት አቤት።
ግን ጎሉን የሳተ ምት ከጎሉ ጀርባ ገብቶ ከቀረ፣
አንድ ነጥብ ሆኖ ይቆጠር ነበረ።
ሕጉን የጻፈው ሰው ሳያውቅ አይቀርም፣
ስቶ የማያውቅ ሰው በከተማው የለም።

ሌላም ልዩነት አለ፦ እነሱ ዐሥራ አንድ፣ እኛ ዐሥራ ሁለት፤
የቁጥሩ ትርፍ አባቴ ነው፣ እንግዲህ ልብ በሉት።

ፊሽካው ተነፋ። ኳሷ ሳትነሣ
አባቴ ተነሣ፤
«ቁም!» አሉ እንግዶቹ እጃቸውን ሰቅለው፤
ዳኛው ዝም አለ። በእኛ ሕግ ልክ ነው።
ሞላላዋን ኳስ በደረቱ አቀፋት፤
ሁለት ግንድ አንገቶች መጥተው ከሣሩ ጋር ሰፉት።
እያነከሰ ተነሣ። ቆይቶ መታ። ምቱ ጎሉን ሳተ።
አንድ ነጥብ! ዐሥራ አምስት ለሰባት! የእናቴ ባርኔጣ
ሦስት ረድፍ ወርዶ ከማናውቀው ሰው ጉያ ተከተተ።

በእረፍቱ ፈርገስ ባልዲውን አንጠልጥሎ ገባ፤
አዲስ መስመር ቀባ።
ሜዳው አጠረ። አሠልጣኙም ስም ጠራ፦
አንድ፣ ሁለት… ዐሥራ አንድ። ደብተሩን አጠፈ፤ ሌላ አልጠራ።
«አባባ አጠፋ እንዴ?» «ምንም አላጠፋም፤» አለች እናቴ፣
«ሕጉ ነው የተለወጠ። ዝም በይ፣ እመቤቴ።»

ተሸነፍን። ስንት ለስንት እንደሆነ ረሳሁ።
እኔ የማስታውሰው ከዚያ ከእንጨቱ አግዳሚ ያየሁ፦
የራስ ቁሩን ጭኑ ላይ እንደ ሕፃን አስተኝቶ፣
ኳሷ በተነሣች ቁጥር እግሩ ከአግዳሚው ሥር
ሦስት ርምጃ ሮጦ ሲቆም፣ ማንም ሳያየው፣ ለብቻው ተግቶ።

መብራቱ ሊጠፋ ሲል አንድ ግዙፍ እንግዳ
ከንፈሩ ተተርትሮ አቋረጠና ሜዳ፣
«ያ ኳሷ ሳትነሣ የሚሮጠው የታለ?» ብሎ ጠየቀ።
አባቴ እጁን አወጣ። ተጨባበጡ። ማንም አልሣቀ።

ፋብሪካው ዛሬ ግማሹ ፈርሷል፤ ክሬኑ ያለ ነጂ ይሠራል።
አንድ ሰኞ ጧት ስም ተጠራ፤ የማን እንደቀረ መገመት ይቻላል።
አባባ የስንብት ደብዳቤውን ሁለቴ አንብቦ፣
ከጀርባው በእርሳስ ጻፈበት፣ ብዙ አስቦ፦
«ሳተ። አንድ ነጥብ።»