ምሰሶው

ሰኔ ሲገባ ኦህሪድ፣ ጢም ብላ በእንግዳ ሞልታ፣
ትራይቼና ቬልካ ገቡ፣ ከአዲሱ የጣሊያን ምግብ ቤት ማታ።
ጋብቻቸው አርባ ሞላው፤ እሷ ጉትቻ አድርጋ፣
እሱ በጠበበው ኮቱ ውስጥ፣ ከትንፋሹ ጋር ሲዋጋ።

አሳላፊው የጎረቤት ልጅ ነው፤ «ቦና ሴራ» አላቸው፤
እንደማያውቃቸው ሆኖ፣ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው።

ፓስታው ከሹካዋ ተተረተረ፤ ቬልካ ደግማ ጠቀለለች፤
ሳቋን በመሐረብ አፈነች።

እሱ ግን ገና አልቀመሰም፤ ምሰሶውን ነበር የሚያየው፤
«ይህን» አለ፣ «አባቴ ነው የተከለው።
ለጀልባ ቅጥራን ስቀባ፣ እዚህ፣ እጄ ከሰል መስሎ፣
ዳቦና ሽንኩርት ያመጣሽልኝ…»
ዝም አለ፣ ሹካውን ጥሎ።

ሂሳብ መጣ፤ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ፤ ከፈለ።
ሲወጡ ምሰሶውን በጣቱ አንኳኳ፤ ጆሮውን አስጠጋ፤
«አልነቀዘም» አለ።