ሠላሳ ሰባት ቁጥር

ከተክለ ሃይማኖት ወረድ ብሎ፣ ከቆርቆሮ አጥር ኋላ፣
የጋሽ ድንቁ ጋራዥ አለ፣ ከአንዲት ወይራ ጥላ፤
እዚያ ቆማለች ኮምቢዋ፣ አራት እግሯ ድንጋይ ላይ፣
መብራቶቿ ወልቀው፣ በባዶ ዓይኗ ስታይ።

የአባቴ ነች።
እሱ ካረፈ ሃያ ዓመት፣ ግቢያችን ዶሮ ያሳደረች፣
ድመት ያስወለደች፣
ዝናብ በጣሪያዋ ገብቶ በወለሏ የወጣባት፣
ደላላ ሁሉ በኪሎ የተደራደረባት።

ጋሽ ድንቁ አንዴ ዞራት፣ አንኳኳት በጣቱ፣
ጆሮውን አስጠጋ፣ ከዛገው ከብረቱ።
«ዕቃ የላትም» አለ፣ «ሱማሌ ተራም አይገኝ፣
የሠራትም ረስቷታል። እኔን ግን አያቅተኝ።
ያልተገኘ ይሠራል።»
ከዚያ ወዲያ ስድስት ወር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣
ስመላለስ ከረምኩ፣ ብረት ተሸክሜ።

የበሯ እጀታ፣ ምናለሽ ተራ ከቀለጠ ድስት፣
አፈር ላይ በታተመ ቅርጽ የፈሰሰ እንደ ወተት።
የጎማ ክዳኖቿ፣ አራት የማይዝግ ትሪ፤
አንዱ ላይ ጽጌረዳ አለ፣ ከጎማው ጋር አብሮ ዟሪ።
የመስኮቷን ላስቲክ፣ ከኢሱዙ ካላማዳሪ፣
ሙዘይን በምላጭ ቆረጠው፣ ምላሱን አውጥቶ እንደ ተማሪ።
የፍሪሲዮኗን ቡሽንግ ነስሩ በቶርኖ አወጣ፤
ሦስቱን አበላሸ፤ በአራተኛው ልኩ መጣ።
ግንባሯ ላይ ዓርማ የለም፤ ማን እንደወሰደው!
ጋሽ ድንቁ ከበርሜል ክዳን «ድ»ን ቆርጦ በየደው።
«ድንቁ ነው?» አልኩት። «ድሮ ነው» አለ፣ ሳቁን በጢሙ ጋረደው።

አንድ ቅዳሜ ስደርስ፣ የቀኝ በሯን አየሁ፤
ስቱኮ ጠጥቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣
እንቁላል መስሎ። ደርቄ ቀረሁ።
«ጋሽ ድንቁ፣ የት አደረግከው?»
«ምኑን?»
«ጉድጓዱን።»
«አቃናሁታ! ሁለት ቀን ፈጀ። ምርቃት ነው፣ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።»

ነገርኩት።
ሰዓት እላፊ ነበር፣ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣
አባቴ ሳይመጣ፣ ሌሊቱ ነጋ በእናቴ ፊት።
እሷ ሬሳ ልትፈልግ ነጠላ ስታጣፋ፣
እሱ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጥሩምባውን ነፋ።
«ጎማ ፈንድቶ ነው» አለ። ምንም አልመለሰችም፤
አላቀፈችው፣ አልጮኸች፣ እንባም አልነበራትም።
በቀኝ እግሯ ተረከዝ በሩን አንዴ ረገጠች፤
ከዚያ ሻይ ልትጥድ ገባች።
አባቴ ያንን ጉድጓድ ለቀለም ቀቢ አላስነካም፤
«የመምጣቴ ደረሰኝ ነው» ይላል፣ «ደረሰኝ አይፋቅም።»

ጋሽ ድንቁ መዶሻውን አስቀመጠ።
ሙዘይን ብየዳውን አጠፋ።
«አርባ ዓመት ሳቃና ኖርኩ፤ ማጎድጎድ አላውቅበትም።
እግሯ ስንት ቁጥር ነበር?»
«ሠላሳ ሰባት።»
ጎንበስ ብሎ ጫማዬን አየ።
«በይ እንግዲህ።»

መታሁ። በሩ «ዷ!» ብሎ ሳቀብኝ።
ደገምኩ። ምንም።
«በበርሜል ላሜራ ነው የለጠፍኩት» አለ፣ ጥፋተኛ መስሎ፣
«ወፍራም ነው፤ የድሮው ስስ ነበር።»
ነስሩ መጣ፣ ጎሚስታው መጣ፣ ሲጋራ አዟሪው ልጅ ቆመ፤
የጫማዬን ማሰሪያ አጠበቅሁ፤ ጥርሴ እርስ በርሱ ገጠመ።
አሰብኩት ያን ሌሊት፦ በሩቅ የሚያልፍ መኪና ሁሉ፣
መጣ ሲሉት የሌላ ሰው፣ መጣ ሲሉት...
ያኔ ገባ።
ለካ እናቴ ይህን ያህል ተናዳ ነበር!

እንደሷ አይደለም። የኔ ወደ ግራ ያዘነብላል፣
ጠርዙ ላይ ቀለሙ ተሰነጣጥቋል።
ጋሽ ድንቁ በስንዝሩ ለካው፤ «ይሄም የእጅ ሥራ ነው» አለ፤
ቆይቶ፣ «የእግር» ብሎ አስተካከለ።

ቸርችልን ሽቅብ ስወጣ፣ ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር፣
ተረከዜን ያመኛል። ፖስታ ቤት ጋ ትራፊክ አስቆመኝ፣
ዞራት፤ ትሪዎቹን አየ፣ «ድ»ን አየ፣ በሩ ላይ ቆመ።
«ማነው የገጨሽ?»
«እናቴ» አልኩት።
ብዕሩን አወጣ።
መልሶ ከተተው።