ስምንት ሴንቲ ሜትር

ደብዳቤው ሲደርሰኝ ዓሣ ስቆጥር ነበር፣
ከኦዲሻ ዳርቻ፣ ከጀልባዎች ሰፈር።
ጋዜጣዬ ከእኔ የሚፈልገው ይኸው ነው፦
ሽሪምፕ ስንት ገባ? የሰመጠውስ ማነው?
ክፍያዬ በልክ ነው፣ እንደ ጨርቅ ይለካል፣
በአንድ ሴንቲ ሜትር አሥር ሩፒ ይታሰባል።

“በክልል ቋንቋ ለምትጽፉ በሙሉ
ድጎማ ተገኝቷል፣” ይላል፣ “ተቀበሉ፤
የአየር ንብረትን ለውጥ ለመዘገብ
ሦስት ቀን ሥልጠና፣ ከነአልጋ፣ ከነምግብ።”

ሄድኩ። ሌሊት በአውቶቡስ፣ ጉልበቴን አቅፌ፣
የባሕር አሸዋ ከጫማዬ አራግፌ።

ቡባነሽዋር፣ ሆቴል። ማቀዝቀዣው ያቃስታል፣
ስለ ምድር ሙቀት፣ ሻል ተከናንቦ ሰው ይማራል።
አሠልጣኙ ራጋቫን፣ ደግ ሰው፣ ድምፀ ለስላሳ፣
ስላይዱን ሲገልጥ ቀይ ካርታ ተነሣ።
መንደሬን ፈለግኳት ከሌዘሩ ነጥብ ሥር፤
ወይ ካርታው ረስቷታል፣
ወይ ወስዷታል ባሕር።

መዝገበ ቃላት ሰጡን፣ ባለ አረንጓዴ ልባስ፦
“ተጋላጭነት”፣ “መላመድ”፣ “የመቋቋም ዐቅም”።
በቋንቋዬ ተሰፍቷል፣ አዎ፣ ግን እንደ ሙሽራ ልብስ፣
ከሱቅ እንደ ተከራዩት፣ ነገ እንደሚመለስ፣
ማንም የማይሠራበት፣ ማንም ለብሶት የማይተኛ።

አልቀልድም ግን፣ ተምሬያለሁ።
“ቁጥሩ የለንም” ሲል ሹሙ፣
በየትኛው መሳቢያ እንደሚተኛ ቁጥሩ፣
የማዕበል ሠንጠረዥ እንዴት እንደሚነበብ።
ማታ ደግሞ ሶምባሪ፣ የሳንታሊ ራዲዮ ልጅ፣
ከጎኔ አልጋ ሆና፣ “እኛ ጋ እኮ ውኃው ጠፋ” አለች።
“እኛ ጋ መጣ” አልኳት።
ጨለማው ውስጥ ሳቅን፣ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

መንደር ስመለስ ወደ አክስቴ ኬታኪ ሄድኩ።
“የመላመድ ስልትሽ ምንድን ነው?” አልኳት፣ ከመጽሐፉ አንብቤ።
ዋጋ ጠይቆ እንደማይገዛ ሰው አየችኝ።
ከሩዝ ማሳዋ ነጭ ቅርፊት አንሥታ
መዳፌ ላይ አኖረች።
“መሬቱ ጥርስ አወጣ” አለች።
“ሕፃንም ጥርስ ሲያበቅል ጡት ይነክስ የለ? ነከሰኝ።
ጨዋ ነበር መሬቴ፣ ያሳደግኩት በእጄ፤
‘ዋ’ውን ባሕር ወሰደው፣ ጨው ቀረኝ ከደጄ።”

የድሮው የእጅ ፓምፕ ባሕር መሐል ቆሟል፣
እጀታው ወደ ላይ፣
መምህሩ እንዳላየው ተማሪ።
“ከዚያ ነበር የምቀዳው” አለች። “ቤቴን ሁለት ጊዜ አፍርሻለሁ፣
በሩንና ምሰሶውን ተሸክሜ ወደ ኋላ፣
እንደ ሸርጣን።”

ዘጠኝ መቶ ቃል ጻፍኩ። አዘጋጁ ማሃፓትራ
የወርቅ ቤት ማስታወቂያ ድንገት መጣበትና
ቆራረጠው። የፓምፑን ሄደ፣ የሸርጣኑን ሄደ።
ስምንት ሴንቲ ሜትር ቀረ። ሰማንያ ሩፒ።

ከዚያ ደግሞ ቅጹ መጣ፣ ከድጎማው ቢሮ፦
ስንት ሰው ደረሰ? በምን መለኪያ? ማስረጃው ይያያዝ፤
የተገኘው ውጤት ከዚህ ሳጥን ውስጥ ይጻፍ።
ሳጥኑ ከጣቴ ጥፍር አይበልጥም።

ሁለት ሳምንት አለፈ። በገበያ ቀን
ደረቅ ዓሣ ገዛች አክስቴ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ።
የልጅ ልጇ ጋጋን ዘይቱን ጠርጎ፣ በጣቱ እየተከተለ
አነበበላት፦ “መሬቱ ጥርስ አወጣ።”
“የኔ ነው!” ብላ ጮኸች፣ ዓሣው ከእጇ ወደቀ፣
“ይኼ የኔ ቃል ነው!”
ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ድመትም።
አራት ጊዜ አስነበበችው። በአምስተኛው ግን አቆመችው፦
“ቤቷን ስንት ጊዜ አፈረሰች ይላል?”
“ሁለት።”

እኔ ደጃፏ ስደርስ ምሰሶው ጋሪ ላይ ነበር፣
በሩ በገመድ ታስሮ።
“ጋዜጣሽ ተሳስቷል” አለችኝ፣ ሳትቆጣ፣
ገመዱን እያጠበቀች። “ከሐሙስ ወዲህ ሦስት ነው።”

ማታ ቅጹን ዘረጋሁ። “የተገኘው ውጤት” ከሚለው ሳጥን
ሦስት ብዬ ጻፍኩ።