ሁለቱ ባንዴ አይበሉም

ጎማ አለው ቤታችን፣ መንገድ ግን የለውም፤
ሁለት በረዶ አለፈ፣ ከብሩክስ አልወጣም።
ዛሬ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ሆኗል፣
የመስኮታችን ላብ ግግር ሆኖ አድሯል።
ጋዙ አልቋል፤ ደመወዝ ገና ነው።

ሰይፈ ከሌሊት ፈረቃ ገባ፣ ከሥጋ ፋብሪካ፣
ጣቶቹ ቢላ እንደጨበጡ ቀርተው፣ ማሞቂያውን ሰካ።
እኔ ውሃ ማፍያውን። ማይክሮዌቩ የትናንቱን ምስር ያዞራል፤
ወዲያው ከአልጋው ሥር፣ ከትንሹ ሣጥን፣ አንድ ነገር «ቋ» ይላል።

ጨለማ።

ምስሩ ግማሽ ዙር ላይ ቀረ፣ ውሃው ድምፁን ዋጠ፣
ሰይፈም የሚረግመው ቢያጣ የራሱን ጓንት ረገጠ።

እንዲህ ሰነበትን፣ ቋ ባለ ቁጥር ብሬከሩን እየመለስን፣
በዲቫይደር ላይ ዲቫይደር እየቀጠልን፣
አንድ ማታ የሶኬቱ ፊት ጠቁሮ ላስቲክ ላስቲክ እስኪሸተን።

ጎረቤታችን ዱዌይን መጣ፣ በፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ፣
አርባ ዓመት መብራት የዘረጋ ሽማግሌ፣ ከነነጠላ ጫማው በረዶውን አቋርጦ።
የእጅ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ ብሎኑን ፈታ፣
ሽቦውን ስቦ አሳየን፤ ቀጭን ነው፣ ጫፉ ተጠብሷል።
«ቀዳዳው ስድስት ነው፣ ስድስቱም አፍ ነው፣ ይጎርሳል፤
ጉሮሮው ግን ይሄው፣ አንድ።» ባትሪው በጥርሱ መሃል ቃሉን ያኮላትፈዋል።
«ማሞቂያው አሥራ ሁለት ተኩል አምፔር፣ ማፍያውም ያንኑ ያህል፤
ይሄ የሚችለው አሥራ አምስት። ደምሪው እስቲ።»
ደመርኩ። አፈርኩ።

«ይሄ የተረገመ ብሬከርስ?» አለ ሰይፈ።
ዱዌይን በአውራ ጣቱ ነካ አደረገው፣ የሕፃን ጉንጭ እንደሚነኩ፦
«አልተበላሸም። እዚህ ቤት ውስጥ በቃኝ ማለት የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ተራ ገባን።
ማፍያው ሲሰካ ማሞቂያው ይነቀላል፤
አራት ደቂቃ ትንፋሻችን ጣሪያው ሥር ሲንሳፈፍ ይታያል።
ሰይፈ በካርቶን ጽፎ ሶኬቱ ራስጌ ለጠፈ፦
«ሁለቱ ባንዴ አይበሉም።»

ቅዳሜ አለቃው ደወለ። ሰው ጎድሏል፣ አንድ ፈረቃ ጨምር።
ለሰይፈ ሰባተኛ ቀኑ ነበር።
ስልኩን እንደያዘ ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየ፣
የማይታጠፉ ጣቶቹን አየ።
ከዚያ ምላሱን ከላንቃው አላቀቀ፤
ቋ።

ማሞቂያውን ነቀልኩ፣ ውሃ ጣድኩ።
እስኪፈላ ድረስ
እግሩን ከእግሬ ሥር ከተተ።