ውኃ ልክ

ሠላሳ አንድ ዓመት፥ ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ፣
ደብተሬን በላስቲክ፥ ከብብቴ ከትቼ፣
ወደቡ ጥግ ቆሞ፥ ጣናን የሚለካ
ባለቁጥር ብረት፥ ሳነብ ኖሬ፥ ለካ
እኔም ልክ ነበረኝ፥ ከደሜ ውስጥ ያለ፣
ድምፅ ሳያሰማ፥ ዝቅ ዝቅ ያለ።

መጀመሪያ እንቅልፍ ነው፥ በጠራራ ፀሐይ፣
ሰው እያጫወትሁኝ፥ ክንብል ወንበር ላይ።
ቀጥሎ ቦርጭ መጣ፤ ክንዴ ደግሞ ከዳኝ፤
እንቦጭ ነቀላ ላይ፥ አንድ እቅፍ ጎዳኝ።
እንጉዳይ ብትስቅ፥ «ምን አሳቀሽ?» ቁጣ፤
ዝም ካለችም ቁጣ፤ ጨው ቢበዛም ቁጣ።
ከዚያ ደግሞ...
ያኛውን አልጽፈውም።
ግድግዳው ይጠየቅ፥ ካልጋዬ ጎን ያለው፣
ዐሥር ወር በሙሉ፥ ፊቴን ያየ እሱ ነው።

«የቆሮሶ መረቅ፥ በሚጥሚጣ ጠጣ!»
ዓሣ አስጋሪው ቢያዝን፥ ምክር ይዞ መጣ።
ሌላው ሥር ቀጥቅጦ፥ በማር ለወሰልኝ፤
የመድኃኒት ቤቱ ልጅ፥ ዓይኑን ጠቀሰልኝ፣
ሰማያዊ ክኒን፥ በወረቀት ጠቅልሎ፣
«ጋሼ፥ ይቺን ብቻ፤ ሰዓት ቀደም!» ብሎ።
ክኒኗ በር ከፈተች፤ የሚገባ ጠፋ።

ጣናም እኮ በሰኔ መባቻ አለቱን ያሳያል፤
ደለሉ ይሰነጠቃል፥ ታንኳው በሰው ትከሻ ይሄዳል።
ማንም ግን ሐይቁን «ደከምህ» አይለውም፤
መስከረም እንዳለው ሁሉም ሰው ያውቃል።
የኔ መስከረም ግን፥ በየት በኩል ያልፋል?

እንጉዳይ አንድ ማታ፥ ሳህን እያጠበች፣
ወደኔ ሳትዞር፥ ቀስ ብላ አለች፦
«የጣናን ጉድለት፥ ለመንግሥት ስትነግር፣
የራስህን ለሐኪም፥ ምናለ ብትናገር?»

በባዶ ሆድ ሄድሁ፥ ልክ በሁለት ሰዓት።
«ይህ ቁጥር እውነቱን፥ የሚናገር ጧት
ብቻ ነው» አለችኝ፥ ደሜን የቀዳችው።
ይህን መች አጣሁት? ሐይቅም ከቀትር በኋላ
ነፋስ ሲያባብለው ይዋሻል።

ወረፋው ረዘመ። ነርሷ በሩን ከፍታ
«ምንይችል!» አለች።
አባቴ ሲያወጣው፥ «ማን ችሎት!» ሊል ነበር፤
ኮሪደሩ ግን ያን ቀን፥ ጥያቄ አደረገው፦
ምን ይችል?

ሐኪሟ፥ የልጄ እኩያ፥ ወረቀቱን አይታ፣
እሷ አላፈረችም፤ ጫማዬን ያየሁ እኔ ነኝ።
«ቴስቶስትሮን ይባላል፤ ጎድሏል» አለች በእርጋታ፤
«ነውር ግን አይደለም። በሌላ ማለዳ
ይደገም፤ በአንድ ቁጥር አይፈረድም።
ፕሮስቴትዎ ይታይ። መርፌው ከተጀመረም
ደምዎ እንዳይወፍር፥ እየለካን ነው።
ቦርጩን ይቀንሱ፤ በእግርዎ ይሂዱ።
ወጣት አያደርግዎትም፤ ይህን ከኔ ይያዙ።»
ቀጥላ፥ ሳትስቅ፦ «መውለድ ያስባሉ?
ካሰቡ መርፌው ይቅር፤ ዘር ያደርቃል።»
ስድስት የልጅ ልጅ ያለኝ ሰውዬ
ሳቅሁ። ከስንት ጊዜዬ!

ቁጥሩ በሁለተኛውም ማለዳ ያው ሆነ። ተወጋሁ።

ጨረጨራ ላይ በር አለ፤
ሲዘጉት ያለልክ፥ የዳር ማሳ ሰጠመ፤
ሲከፍቱት ያለልክ፥ ጀልባ ጭቃ ላይ ቆመ።
መርፌም እንደዚያው ናት።
በየሦስት ሳምንቱ፥ ባጃጅ ተሳፍሬ፣
ዳሌዬን ሰጥቼ፥ እመጣለሁ በእግሬ፣
በዘንባባው ጥላ፥ ቀስ እያልሁ።

ተአምር አትጠብቁ። ሽበቴ ሽበት ነው፤
ጉልበቴ ደረጃ ላይ ዛሬም ያጉረመርማል።
ግን በነሐሴ አንድ ሌሊት፥ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
ያለ ደወል ነቃሁ፤
ጉማሬ ከደንገሉ ሥር ሲያጓራ ሰማሁ፤
ዞርሁ። ግድግዳው ፊቴን አጣ።
እንጉዳይም ነቅታ ኖሯል።
«ጣና ስንት ደረሰ?» አለችኝ በሹክሹክታ።
«ደብተር አልያዝሁም» አልኋት።