ሦስት ጉድጓድ

ጦሳ ጉም ተከናንቦ፣ ካፊያው ሳያባራ፣
ሉባባ ይመር ገባች ከራዲዮኖቼ ተራ፤
የአባቷን ቤዝ ጊታር በማዳበሪያ ጆንያ
አስራ፣ ልክ እንደ በግ ለሰኞ ገበያ።
«ልሸጠው ነው፤ ገዥ አለኝ ኮምቦልቻ፣
ቀዳዳው አስጠላው እንጂ፤ ድፈንልኝ ብቻ።»

ፈታሁት።
ገላው የዋንዛ እንጨት፣ የሐይቅ አናጢ የጠረበው፣
አንገቱ ባሕር ተሻግሮ በአሰብ በር የገባው፤
ከክሮቹ ሥር ግን ሦስት ጉድጓድ አለ፣
ሁለቱ ባዶ፣ አንዱ ፒካፕ ያዘለ።
«ፒካፑን ከቦታው ማን አነሳው?» ብላት
«አባባ መኪና አልነበረው» አለች፤ ሳቄን ስታይ ሳቅ ያዛት።

አየሽ፣ ይህቺ ማግኔት፣ ሽቦ የተጠመጠመባት፣
አፍ አይደለችም፣ ጆሮ ናት፤
የምትሰማው ከቆመችበት።
ክር ደግሞ እንደ ሰው ነው፣ ሁሉም ቦታ አንድ አይደለም፤
መሃል ላይ ይፈነጫል፤ ከብርኩማው ጥግ ሲደርስ
እንደ ልቡ አይወዛወዝም።
ወደ አንገቱ ስትጠጋ ድምፁ ይሰፋል፣ ይወፍራል፣
ሐረጎን እንደሚወጣ ጭነት መኪና ያጉረመርማል፤
ከብርኩማው ሥር ስትተከል ይጠብቃል፣ ይሾላል፣
ጣት ከክር ስትላቀቅ እንኳ ለብቻዋ ይሰማል።
ጦሳ አናት ላይ ሆነሽ ደሴ አንድ እምምታ ናት፤
ሰኞ ገበያ መሃል ቁሚ፦ የሚዛን ጠብ፣
የበርበሬ ሳል፣ ሳንቲም ከሳንቲም ሲማታ።
ከተማዋ ያቺው ናት። ሰኞውም ያው ሰኞ።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ከአንገቱ ሥር ነው፤
በመሮ በወጉ ተፈልፍሎ ጠርዙ የተላገ።
ይሄ የኪነቱ ዘመን ነው፣ የሰርጉ፣ የድንኳኑ፣
ሰው እግሩ ሲነሳ ከየት እንደመጣበት ሳይጠይቅ።
ሁለተኛው መሃል ላይ፣ በጋለ ምስማር የተቦረቦረ፣
ችኮላ አለበት፤ ዙሪያው እስከ ዛሬ ጠቁሮ የቀረ።
ሦስተኛው ከብርኩማው ሊጋጭ ጣት እንኳ አልቀረው፣
በወጥ ቤት ቢላ ነው የቆፈረው።
«ሽማግሌው መታየት አማረው፤
ከኋላ መቆም ሰለቸው» ስል ቀለድኩ፤
አልሳቀችም። መሮዬን አስቀመጥኩ።

«ያኔ» አለች፣ ጣቷን ከጉድጓዱ ጠርዝ አኑራ፣
«በር ሲንኳኳ አይሰማም፤ እናቴ ስትጣራ
ግድግዳ ነው የምትመታው። የዙህርን ሰዓት
በጥላው ነበር የሚያውቀው፤ ደመና ሲሆን፣ እንጃ፣ በግምት።»

ከላይኛው ቀንድ ላይ ቫርኒሹ የተላጠ ቦታ አለ።
ክንድ ያበሰው መስሎኝ ነበር፤ ክንድ ግን እዚያ አይደርስም።
አገጩ ነው። በአጥንቱ ነው የሰማው።
ከጆሮው ቀድማ የምትሞተው ቀጭኗ ድምፅ ናት፤
እሷን ተከትሎ ፒካፑን ይዞ ሄደ፣
አንድ ስንዝር፣ ከዚያ ግማሽ ስንዝር፣
ክሩ መነቃነቅ እስኪያቅተው ድረስ አሳደደ።
እኔ ኩራት ያልኩት
ስንብት ነበር።

ሽቦውን በየድኩ፤ ከአሮጌ ማጉያ አገናኘሁት።
መጫወት አትችልም። ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቷ ነካች፣
አገጯን ከተላጠው ቦታ አሳረፈች።
እኔ በመስኮቱ ወደ ቧንቧ ውሃ መንገድ አየሁ፣
የማይታይ ነገር የማይ ይመስል።

ድንገት ከማጉያው ጥዝ፣ ጥዝ፣ ጥዝዝ የሚል መጣ፤
ስልኳ ገና አልጠራም፤ ፒካፑ ነው ቀድሞ የሰማ።
ከዚያ ጠራ። ኮምቦልቻ ነው።
ሁለቴ። ሦስቴ።
እሷ ዓይኗን ጨፍና ክሩ እስኪበርድ ጠበቀች፤
«ጉድጓዱን ተወው» አለች።
ጆንያውን አጣጥፋ ከብብቷ ሸጎጠች፤
«የብየዳው ስንት ነው?»